የተዘጋ የትምህርት ቤት ሕንፃና የወቅፍ አደራ
ከአሞራ ገደል ዳርቻ የተነሣ ጥያቄ



አንድ መድረሳ ሲዘጋ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ፦ ሕንፃውና አደራው። ሕንፃውን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል፤ አደራውን ግን ፈልጎ የሚጠይቅ ካልተገኘ ማንም አያስታውሰውም። በዚህ ጽሑፍ፣ ማስተማር ያቆመ ነባር የትምህርት ቤት ሕንፃ ለሌላ አገልግሎት ሲታሰብ መምህራንና ኢማሞች ጉዳዩን በምን ቅደም ተከተል ሊመረምሩት እንደሚገባ እናብራራለን።

ምሳሌያችንን በሐዋሳ አሞራ ገደል እናድርግ። ይህ የሐይቅ ዳርቻ በማለዳ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚያስጠጉበት፣ አሞራዎች ከብበው ትርፍራፊ የሚጠብቁበት፣ ትኩስ ዓሣ ፈልጎ የሚመጣ እንግዳ የማይጠፋበት ነው። በዚህ አካባቢ ከ50 ዓመት በፊት ለቁርኣን ማስተማሪያ ተሠርቶ አሁን የተዘጋ ቤት አለ ብለን እናስብ። ሐዋሳ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች፣ እንዲህ ያለው ቤት ዕድሜው አጭር ቢመስልም ከከተማዋ ነባር ሕንፃዎች ይቆጠራል። አንዱ «ምግብ ቤት ይሁን፤ ገቢ ያመጣል» ይላል። ሌላው «ይፍረስና ፎቅ ይሠራበት» ይላል። ሦስተኛው «ወቅፍ አይነካም» ብሎ ቁልፉን ይይዛል፤ ጣሪያው ግን በየክረምቱ ይበሰብሳል። ሦስቱም ለመስጊዱ ተቆርቋሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስቱም ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ አልተነሡም።

የማን ነው? በምን ቃል ተሰጠ?

የወቅፍ መሠረቱ የዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) የኸይበር መሬት ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዋናውን ይዘው ፍሬውን ለበጎ ሥራ እንዲያውሉት መከሯቸው፤ መሬቱም እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ ሆነ። ስለዚህ «ምን እናድርግበት?» ከማለታችን በፊት ቤቱ ከአራቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት ግዴታ ነው።

አንደኛው፣ ባለቤቱ በቃል ወይም በጽሑፍ ለትምህርት ወቅፍ ያደረገው ነው። ሁለተኛው፣ ለመስጊድ ወቅፍ በሆነ ግቢ ውስጥ የተሠራ የመማሪያ ክፍል ነው፤ ይህ የመስጊዱን ብይን ይከተላል። ሦስተኛው፣ የግለሰብ ንብረት ሆኖ ለማስተማሪያ በውሰት የተፈቀደ ነው፤ ማስተማሩ ሲቆም ወደ ባለቤቱ ወይም ወደ ወራሾቹ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሣው ይህንን ከመጀመሪያው ጋር በማምታታት ነው። አራተኛው በመንግሥት እጅ የገባ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በብዙ ከተሞች የባለቤትነትን መልክ ስለለወጠ፣ ከዚያ ዘመን በፊት የነበረ ቤት ሁሉ ፋይሉ ሊታይ ይገባል። ዛሬም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ወቅፍ የሚሆነው ሕንፃውና በቦታው የመጠቀም መብቱ ነው። የይዞታ ማረጋገጫው ከጠፋ ወቅፉም የቆመበትን ያጣል።

ሰነድ ካልተገኘ ቤቱ ሲሠራ የነበሩ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ምስክርነታቸው ተጽፎ ሊፈረም ይገባል። ይህ ሥራ ለከርሞ አይተውም።

መዝሀቦች ምን ይላሉ?

ቤቱ ለትምህርት የተሰጠ ወቅፍ መሆኑ ከተረጋገጠ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይነሣሉ፦ ቤቱን በሌላ መለወጥ (ኢስቲብዳል) እና ቤቱን እንዳለ ይዞ አገልግሎቱን መለወጥ።

በመጀመሪያው ላይ ሻፊዒያና ማሊኪያ ጥብቅ ናቸው፤ የማይንቀሳቀስ ወቅፍ ቢፈርስ እንኳ ሽያጩን በመሠረቱ አይፈቅዱም። ሐነፊያ፣ ወቅፍ አድራጊው ራሱ በቃሉ ከፈቀደ ወይም ጥቅሙ ተቋርጦ ቃዲው ካመነበት በሁኔታዎች ይፈቅዳል። በሐንበሊያ ጥቅሙ የተቋረጠ ወቅፍ ተሽጦ በአምሳያው ይተካል። ኢብኑ ቁዳማህ በ«አል-ሙግኒ» ለዚህ ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ፣ በኩፋ ግምጃ ቤቱ በተሰረቀ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ.) መስጊዱ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ማዘዛቸው ነው። ኢብኑ ተይሚያህ በሩን ይበልጥ አስፍተው፣ ግልጽ የሆነ የበለጠ መስለሓ ካለም መለወጥ እንደሚቻል ተናገሩ።

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ በአገራችን ብዙ ተከታይ ያለው የሻፊዒያ መዝሀብ፣ ያለ ወቅፍ አድራጊው ፈቃድ የወቅፉ መልክ እንዳይለወጥ ይጠይቃል። ሆኖም ተቅዩዲን አስ-ሱብኪ (የሞቱት በ756 ዓ.ሂ.) በሦስት ሁኔታዎች ለውጥን ፈቅደዋል፦ ለውጡ ጥቂት ሆኖ የቤቱን ስያሜ የማይለውጥ ከሆነ፣ ከወቅፉ አካል የሚያጠፋው ነገር ከሌለ፣ ለወቅፉ ራሱ ጥቅም ከሆነ። እነዚህ ሦስት ሁኔታዎች ለዛሬው ጥያቄያችን ሚዛን ይሆናሉ። መማሪያ ክፍልን ቤተ መጻሕፍት ለማድረግ መደርደሪያ መትከል በሚዛኑ ያልፋል። ግድግዳውን ሰብሮ የምግብ ቤት ማእድ ቤት ማድረግ ግን ለማለፍ ይከብደዋል።

ከታሪክ የምናየው

በባግዳድ በ1227 ተጀምሮ በ1234 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ሙስተንሲሪያ አራቱ መዝሀቦች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጡበት ነበር። ማስተማሩ ከቆመ በኋላ በኦቶማን ዘመን የጉምሩክ ቤት እስከ መሆን ደረሰ፤ እንደ ቅርስ የታደሰው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ግንቡ ከአደጋ ቢተርፍም አደራው ለረጅም ዘመን ተረስቶ ነበር።

በኢስታንቡል ደግሞ በሱለይማኒያ ግቢ ከነበሩት መድረሳዎች ሁለቱ ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከየስፍራው የተሰበሰቡ የእጅ ጽሑፎች ማደሪያ ሆኑ። በ1924 በቱርክ መድረሳዎች በሕግ ሲዘጉም ይህ ቤት ከዕውቀት አልተለየም፤ ዛሬ በዓለም ካሉ ታላላቅ የእስልምና የእጅ ጽሑፍ ስብስቦች አንዱ በውስጡ ይገኛል። የመራኩሽ የኢብኑ ዩሱፍ መድረሳ በ1960 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ በ1982 ለጎብኚዎች ተከፈተ፤ የሥነ ሕንፃ ውበቱ ተጠብቋል፤ ደርስ ግን አይሰማበትም። ሦስቱም ሕንፃዎች ዛሬ ቆመዋል፤ ወደ መጀመሪያ ዓላማው እጅግ የቀረበው ግን መጽሐፍ የያዘው ነው።

በአገራችን በሐረር ጁገል የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው የመኖሪያ ቤት ሙዚየም ሆኖ የአብዱላሂ ሸሪፍን ስብስብ፣ ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎችን ጨምሮ፣ ይዟል። ትምህርት ቤት ያልነበረው ቤት ለዕውቀት ጥበቃ ከዋለ፣ ለዕውቀት የተሠራው ቤት ከዕውቀት እንዳይርቅ መጠየቅ አይበዛበትም። የወሎን የቂርአት ማእከላት፣ ዳናንና ጌታን የመሳሰሉትን፣ የሚያውቅ ደግሞ ደረሳው የሚሰበሰበው ለግንቡ ሳይሆን ለሸኹ መሆኑን ያውቃል። ሸኹ ሲያልፉ ተተኪ ካልተገኘ ደረሳው ይበተናል። ስለዚህ «ቤቱ ለምን ተዘጋ?» ተብሎም ይጠየቅ፤ የጠፋው መምህር ከሆነ፣ ደመወዝ ተቆርጦለት መምህር ቢመጣ ቤቱ ያለ ምንም ለውጥ ሊከፈት ይችላል።

የአገልግሎት ቅደም ተከተል

ዓላማው ሲቋረጥ ወደሚቀርበው፣ ከዚያም ቀጥሎ ወደሚቀርበው ይኬዳል። በዚህ መሠረት የሚከተለውን ቅደም ተከተል እናቀርባለን። በመጀመሪያ፣ ማስተማሩን በሌላ መልክ መመለስ፦ የማታ ቂርአት፣ የሴቶች ደርስ፣ የመሠረተ ትምህርት ክፍል። ቀጥሎ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የኪታቦች መጠገኛና ማቆያ፣ የተማሪዎች ማጥኛ። ሦስተኛ፣ ከርቀት ለሚመጡ ደረሳዎች ማደሪያ። መጨረሻ ላይ ኪራይ ይመጣል። በአሞራ ገደል ዓይነት ስፍራ ኪራይ ፈታኝ ነውና አራት ገደቦች ይኑሩት፦ ሐራም ነገር እንዳይሸጥበት፣ ውሉ አጭርና ታዳሽ እንዲሆን፣ ተከራዩ አፍርሶ እንዳይሠራ፣ ገቢው በሙሉ ለትምህርት እንዲውል። በታሪክ ብዙ ወቅፎች ያለቁት በሽያጭ ብቻ አይደለም፤ ተከራዩ ባለቤት እስኪመስል በረዘመ ውልም ነው።

የሕንፃው ሥራም የራሱ ፊቅህ አለው ማለት ይቻላል። የሐዋሳ ሐይቅ ውኃው በላይ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ ስለሌለው ከፍታው ከዝናቡ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ በዳርቻው ያለ ቤት በመጀመሪያ መሠረቱና የውኃ መውረጃው ይታያል። በጭቃ የተገነባ ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ግድግዳውን ይበላዋል፤ ኖራ ይሻለዋል። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በመሆኗም የመሬት መንቀጥቀጥ ታስቦ ግድግዳና ጣሪያ መያያዛቸውን መሐንዲስ ያረጋግጥ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይሻል።

ውሳኔውም በአንድ ሰው እጅ አይሁን። ወቅፉን የሚያስተዳድረው፣ የመስጊዱ ኢማም፣ መምህራንና የወቅፍ አድራጊው ቤተሰብ በተገኙበት ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ክርክር ከተነሣ፣ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ተከራካሪዎች ሲስማሙ የወቅፍን ጉዳይ ከፍርድ ቤቶቹ ሥልጣን ውስጥ ቆጥሮታል፤ በክልሎችም የየራሳቸው ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ይጠየቁ።

ወደ አሞራ ገደሉ ምሳሌ ስንመለስ፣ ለሦስቱም ወገኖች መልስ አለን። ምግብ ቤት ላለው፦ መጀመሪያ መምህር ፈልግ፤ ካጣህ መጽሐፍ አስገባበት፤ ኪራይ የመጨረሻህ ይሁን። ይፍረስ ላለው፦ የመዝሀብህንና የቃዲውን ቃል ሳትይዝ መዶሻ አታንሣ። ቁልፉን ለያዘው ደግሞ፦ የበሰበሰ ጣሪያም ወቅፍን ማጥፋት ነው። ሰው ሲሞት ሥራው ተቋርጦ የማይቋረጥለት አንዱ ነገር ሶደቀቱል ጃሪያ መሆኑን ሁላችንም ለተማሪዎቻችን እናስተምራለን። ቤቱን የሰጠው ሰው በቀብሩ ሆኖ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ምንዳው እንዲቀጥል ወይም እንዲቋረጥ ምክንያት የምንሆነው እኛ ነን። ወላሁ አዕለም።