ከትእዛዝ መስመር ወደ ኔትወርክ ፕሪንተር፦ የፊደልና የጥብቀት ምልክት በኅትመት አለመዛባት

የቋንቋ ጥናት ጽሑፍ ሲታተም የሚደርስበት ጥፋት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለዓይን የተጋለጠ ነው፤ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ወይም እንግዳ ምልክት ይወጣል። ሁለተኛው ስውር ነው፤ ቃሉ ሙሉ መስሎ ይታያል፣ የያዘው መረጃ ግን ጎድሏል። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። ከ«ለ» በላይ የተቀመጠው የጥብቀት ምልክት በወረቀቱ ላይ ካልወጣ አንባቢው የሚያገኘው አጥኚው የመዘገበውን ማስረጃ አይደለም። ጥፋቱ የት እንደሚፈጠርና ፕሪንተሩ ከትእዛዝ መስመር ሲዘጋጅ እንዴት እንደሚከላከሉት ከዚህ በታች ይብራራል።

ባይትና ፊደል

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። የጥብቀት ምልክቱ የተጨመረው በ2005 በ4.1 እትም ሲሆን ቁጥሩ 135ኤፍ ነው። በዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ዘወትር 225 ነው። በኪኩዩ አጻጻፍ ከላያቸው የሞገድ ምልክት ያለባቸው ሁለቱ የላቲን አናባቢዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ሁለት ባይት ይይዛሉ።

በናይሮቢ ፓርክላንድስ ኪኩዩንና አማርኛን ጎን ለጎን የሚያትም አንድ የጥናት ክፍል ለምሳሌ ይወሰድ። ክፍሉ ጥሬ የጽሑፍ ፋይል በ9100 ፖርት በኩል በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ ቢልክ፣ የምዕራብ አውሮፓን የፊደል ሠንጠረዥ ብቻ የሚያውቅ ፕሪንተር እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥራል። ባለ ሦስት ፊደሉ «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ስለሆነ በዘጠኝ ምልክት ይተረጎማል፤ ከእነዚህም ከፊሎቹ የማይታተሙ ናቸው። በዚያ ሠንጠረዥ 225 ከላዩ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» ነው። ስለዚህ ይህ ፊደል በገጹ ላይ እየተደጋገመ ከታየ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ፋይሉ ትክክል ነው፣ የተሳሳተው የተነበበበት ሠንጠረዥ ነው።

ወረፋውን ማዘጋጀት

በሊኑክስና በማክ ኮምፒዩተሮች የኅትመት ሥራ የሚመራው ካፕስ በተባለው ሥርዓት ነው። ማይክል ስዊት ያዘጋጀው ይህ ሥርዓት ለሕዝብ የቀረበው በ1999 ነው። ካፕስ የሚታተመውን ሥራ በወረፋ ይይዛል፣ ፕሪንተሩ ወደሚቀበለው መልክ ይለውጠዋል፣ ከዚያም በኔትወርኩ ይልከዋል። ከፕሪንተሩ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ አይፒፒ ይባላል፤ የተለመደው ፖርቱም 631 ነው።

ዝግጅቱ በአራት ትእዛዞች ይጠናቀቃል። «ኤልፒኢንፎ» በ«ቪ» አማራጭ ሲጠራ በኔትወርኩ ላይ የተገኙትን ፕሪንተሮች አድራሻ ይዘረዝራል። «ኤልፒአድሚን» ወረፋውን ይፈጥራል፦ በ«ፒ» ስሙ፣ በ«ቪ» የአይፒፒ አድራሻው፣ በ«ኤም» ደግሞ «ኤቭሪዌር» የሚለው ሞዴል ይሰጠዋል። ከስሙ በኋላ የሚገባው ትልቁ «ኢ» ወረፋው ሥራ እንዲቀበል ይፈቅዳል። ይኸው ምልክት ከ«ፒ» በፊት ከገባ ግን ትርጉሙ ተለውጦ «ግንኙነቱ ይመስጠር» ይሆናል፤ ወረፋው ተፈጥሮ ሥራ የማይቀበለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። «ኤልፒስታት» የወረፋውን ሁኔታ ያሳያል፤ «ኤልፒ» ደግሞ ፋይሉን ይልካል።

«ኤቭሪዌር» ሲመረጥ ፕሪንተሩ ራሱ ምን መቀበል እንደሚችል ለካፕስ ይነግረዋል። ገጹም ወይ በፒዲኤፍ ወይ በነጥብ ምስል ይላካል። ምስል ከሆነ ፊደሉን የሚሥለው ኮምፒዩተሩ ስለሆነ ፕሪንተሩ የግእዝ ፎንት አያስፈልገውም። ፒዲኤፍ ከሆነ ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ አብሮ መጓዝ አለበት።

ከመላክ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ጥሬ ጽሑፍ ለ«ኤልፒ» ቢሰጥ ካፕስ ራሱ ወደ ገጽ ይለውጠዋል። ነገር ግን ይህ ቀላል መለወጫ ፊደሎችን እኩል ስፋት ባላቸው ዓምዶች የሚደረድር ነው፤ በሌላ ፊደል ላይ የሚያርፍ ምልክትን በቦታው ለማስቀመጥ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ጽሑፉ አስቀድሞ በሊብሬኦፊስ ወይም በዚላቴክ ወደ ፒዲኤፍ ቢለወጥ ይመረጣል።

ፎንቱን ለማጣራት «ኤፍሲ-ሊስት» የተባለው ትእዛዝ ይረዳል። የአማርኛን የቋንቋ ምልክት ሲሰጡት አማርኛን የሚሸፍኑ ፎንቶችን ይዘረዝራል፤ 135ኤፍ የሚለውን ቁጥር ሲሰጡት የጥብቀት ምልክት ያላቸውን ብቻ ያሳያል። የሁለቱ ዝርዝር አንድ ላይሆን ይችላል፤ አማርኛን የሚጽፍ ፎንት ሁሉ ለሥነ ድምፅ ጥናት አይበቃም። «ፒዲኤፍፎንትስ» የተባለው ትእዛዝ ደግሞ እያንዳንዱ ፎንት በፋይሉ ውስጥ መካተቱን፣ ፊደሎቹም ወደ ዩኒኮድ የሚመለሱበት ሠንጠረዥ መኖሩን ያሳያል። የመጀመሪያው ለወረቀቱ፣ ሁለተኛው ለቤተ መዛግብቱ ያስፈልጋል፤ ሠንጠረዡ የሌለው ፒዲኤፍ በትክክል ሊታተም ይችላል፣ ከዓመታት በኋላ ግን ቃል ሊፈለግበት አይቻልም።

አዲስ ፕሪንተር በተጨመረ ቁጥር አንድ የሙከራ ገጽ ማተም ይበጃል። ገጹ «ሠ»ንና «ሰ»ን፣ «ጸ»ንና «ፀ»ን፣ «ቋ»ንና «ጓ»ን፣ በላላና በጠበቀ ንባብ የሚለዩ ጥንድ ቃላትን፣ እንዲሁም ሁለቱን የኪኩዩ አናባቢዎች ይይዛል። ከስክሪኑ ጋር ሲነጻጸርም ዓይን በመጀመሪያ መፈለግ ያለበት ባዶ ሳጥኑን ሳይሆን ከ«ለ» በላይ ያለችውን ትንሿን ምልክት ነው።