ከችግኝ ሻጭ የገዛችሁትን ዛፍ ቦንሳይ ለማድረግ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቡ



መርካቶ ውስጥ ከማክማቸው ሰዎች ብዙዎቹ ነጋዴዎች ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ስልካቸው አያርፍም፣ ቤት ሲገቡም ያው ስልክ ነው። ደም ግፊታቸውን ለክቼ "ጭንቀት ቀንሱ" ስላቸው "ዶክተር፣ በምን?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። "ጭንቀት ቀንስ" ማለት ብቻውን ምክር አይደለም፤ እጅን ሥራ የሚያስይዝ ነገር ያስፈልጋል። ሰሞኑን ደግሞ ቲክቶክ ላይ ቦንሳይ አይተው "ችግኝ ገዝቼ ልጀምር?" የሚሉኝ በዝተዋል። መልሴ "አዎ፣ ጀምሩ" ነው። ግን ዛፉንም ራሳችሁንም እንዳትጎዱ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ።

ቦንሳይ ምንድን ነው?

ቃሉ የጃፓን ነው፤ ጥልቀት በሌለው ሳህን ውስጥ የተተከለ እንደማለት ነው። ጥበቡ የመጣው ከቻይና ነው። ቦንሳይ የተለየ የዛፍ ዝርያ አይደለም። "የቦንሳይ ዘር" ተብሎ በኦንላይን የሚሸጠውም ተራ የዛፍ ዘር ነው፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ዛፉ የሚያንሰው ቅርንጫፉና ሥሩ በየጊዜው ስለሚገረዝ ነው እንጂ ስለሚራብ አይደለም። በደንብ ከተያዘ ከሰው ዕድሜ በላይ ይኖራል። ዋሽንግተን ውስጥ የሚገኝ አንድ የጃፓን ጥድ ከ1625 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተገረዘ ያደገ ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል እዚያው ከተማ ነበር፣ ተረፈ። በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ተሰጠ።

የትኛውን ዛፍ ልግዛ?

ቪዲዮዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት ስፕሩስ የሚባለው የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው። በየዓመቱ ለወራት የሚያርፍበት ከባድ ብርድ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ሌሊቱ ቢበርድም እንደዚያ ያለ ክረምት የለንም። ስለዚህ ስፕሩስ ፍለጋ አትድከሙ። የእኛው የሐበሻ ጥድ አለ እኮ! በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የምናውቀው ጥድ፣ ጃፓኖች ለቦንሳይ አብዝተው ከሚጠቀሙበት የጥድ ዓይነት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ለጀማሪ ግን ምርጫዬ ወይራ ነው፤ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ስህተትን ይችላል።

ችግኝ ሻጩ ጋ ስትሄዱ ረጅሙን አታንሱ። ለእኛ የሚሆነው አጭሩ፣ ግንዱ ከታች ወፈር ያለውና ከሥሩ ቀረብ ብሎ ቅርንጫፍ ያወጣው ነው። ከላይ ያለውን አፈር በጣታችሁ ገለጥ አድርጉና ሥሩን እዩ። ሥሩ እንደ ገመድ ግንዱ ላይ ከተጠመጠመ ተዉት።

አፈርና ዕቃ

ውሃ የሚቋጥር አፈር የቦንሳይን ሥር ያበሰብሳል። ደግነቱ ውጭ አገር በውድ የሚሸጠው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እኛ ጋ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስና ሬድ አሽ ነው። ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያክለውን በወንፊት ለዩ። ሁለት እጅ ከሱ፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ደባልቁ። ሳህኑ ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ግን "ምን ነበረበት?" ብላችሁ ጠይቁ። ኬሚካል የነበረበትን በምንም ዋጋ አትውሰዱ።

ቅርንጫፉን ለማጠፍ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ያለው መዳብ ጥሩ ነው። ፕላስቲኩን በቢላ ላጡት፤ እባካችሁ አታቃጥሉት! ጭሱ ሳንባን ይጎዳል፣ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ መርዞችም አሉበት።

አሠራሩ

1. ከገዛችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት አትንኩት፤ ቦታውን ይልመድ።

2. ከዚያ ግረዙ። በአንድ ጊዜ ከአረንጓዴው አንድ ሦስተኛ በላይ አትቁረጡ። ጥድ ከሆነ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ ይቅር፤ ራቁቱን የቀረ የጥድ ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ይደርቃል።

3. የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉን አንድ ሦስተኛ ያህል ይሁን፤ ሰያፍ አድርጋችሁ ጠምጥሙት። በየሁለት ሳምንቱ እዩት። ቆዳውን መብላት ከጀመረ በፒንሳ እየቆረጣችሁ አውጡት፤ መልሶ መፍታት ቅርንጫፉን ይሰብራል።

4. ብዙ በገረዛችሁበት ቀን ሥሩን አትንኩ። ዛፉ ሲያገግም፣ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ፣ ከሥሩ ከአንድ ሦስተኛ ያልበለጠ ቆርጣችሁ ወደ ሳህኑ አዛውሩት። ለሁለት ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቆይ።

5. ቦታው በረንዳ ወይም ደጅ ነው፤ ቴሌቪዥን አጠገብ አይደለም። ውሃ በሰዓት አታጠጡ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ደረቅ ማለት ሲጀምር ከታች እስኪፈስ አጠጡት።

አሁን ወደ ጤናው ልምጣ

👉 ቴታነስ፦ ብዙ ሰው የሚፈራው ዝገትን ነው። ጀርሙ ግን የሚኖረው አፈርና ፍግ ውስጥ ነው። እናቶች በእርግዝና ክትትል ላይ ይከተባሉ፤ ብዙ ወንዶች ግን ከልጅነታቸው ወዲህ ተከትበው አያውቁም። መቀስ ወይም ሽቦ ከወጋችሁ በውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡና በዕለቱ ጤና ጣቢያ ሂዱ። "ትንሽ ናት" አትበሉ፤ ቴታነስ በትንሿም ይገባል።

👉 አቧራ፦ ፑሚስና ሬድ አሽ ከመንፋታችሁ በፊት ውሃ እርጩበት፣ ማስክ አድርጉ። አስም ያለባችሁ ሌላ ሰው ይንፋላችሁ።

👉 ፀረ ተባይ፦ እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ስም በሌለው ሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት ለአንድ ችግኝ ብላችሁ ቤት አታስገቡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ለጥቃቅን ተባይ ቀጠን ያለ የሳሙና ውሃ ይበቃል። የጠጣ ሰው ካለ ወተት አትስጡ፣ አታስመልሱ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ለሀጭ መብዛት፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብና የትንፋሽ ማጠር ምልክቶቹ ናቸው። ምልክት እስኪታይ ግን አትጠብቁ።

👉 የተጠራቀመ ውሃ፦ ሳህኑ ሥር የሚቀመጠውን ውሃ በየሁለት ሦስት ቀኑ ድፉ። በተለይ ድሬዳዋ ያላችሁ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የዴንጊ ወረርሽኝ አይታችኋል። ትንኟ የምትፈለፈለው እንዲህ ባለ ትንሽ ውሃ ውስጥ ነው።

👉 ነፍሰ ጡሮች፦ የድመት ኩስ የነካው አፈር ፅንስን የሚጎዳ ተውሳክ ሊኖረው ስለሚችል ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁንም ታጠቡ።

ለጭንቀትስ ይጠቅማል?

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት አለ። 30 ሰዎች አስጨናቂ ሥራ ከሠሩ በኋላ ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ የአትክልት ሥራ ሠሩ፣ ግማሾቹ አነበቡ። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ቀነሰ፤ አትክልት በሠሩት ላይ ግን የበለጠ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ቦንሳይን መድኃኒት ብዬ አላዝላችሁም። የግፊት ኪኒናችሁን እንዳታቋርጡ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃም አይቀርም፤ መቀስ ይዞ መቀመጥ ስፖርት አይደለም። ሀዘኑና እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ዛፉን ተዉትና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ቦንሳይ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ለብዙዎቻችሁ የምመክረውም ለዚህ ነው። ማታ ስልኩን አስቀምጣችሁ ለአሥር ደቂቃ ዛፉን እዩት፣ አፈሩን ንኩት፣ የደረቀውን ልቀሙ። ቤት ውስጥ ጡረታ የወጣ አባት ወይም እናት ካለም አብራችሁ ጀምሩ። እነሱ ስለ ወይራና ስለ ጥድ ከእኔ የበለጠ ሊያወሯችሁ ይችላሉ።

አትክልት ለሚወድ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።