ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ዕቃ እና ያላለቀው ማግኔቴ

ባለፈው ሳምንት መቀሌ፣ ሮማናት አካባቢ ወደምሠራበት የሞባይል ጥገና ቤት አንዲት ልጅ መጣች። «በቃ ሞተ፤ ቻርጅም አያደርግም» አለችኝ። ከፍቼ ስለካው አንዲት ካፓሲተር ሾርት አድርጋለች። መጠኗ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ቀይሬላት ስልኩ ሲበራ «ይቺ ናት እንዴ!» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን ያቺን ዕቃ ባየሁ ቁጥር ትምህርቴ ትዝ ይለኛል። ውስጧ ያለው ባሪየም ታይታኔት የሚባል ሴራሚክ ነው፤ የፔሮቭስካይት ኦክሳይድ ቤተሰብ። ቤተሰቡ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1839 በሩሲያ ኡራል ተራሮች ከተገኘ ማዕድን ነው። አንድ ሳጥን አስቡ፦ በስምንቱ ማዕዘን ትልልቅ አተሞች፣ መሀል ላይ አንድ አነስተኛ የብረት አተም፣ በስድስቱ ገጾች ላይ ኦክስጅን። በካፓሲተሯ ውስጥ መሀል ያለው ታይታኒየም ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ያን ሁሉ ቻርጅ እንድትይዝ የሚያደርጋት ይኸው ነው።

የእኔ የማስተርስ ሥራ መሀሉ ላይ ማንጋኒዝ ባለው ዘመዷ ላይ ነበር። እያንዳንዱ ማንጋኒዝ ትንሽ ማግኔት ነው። ንጹሕ ላንታነም ማንጋናይት በጣም ሲቀዘቅዝ አንዱ ንብርብር ወደ አንድ ጎን፣ ቀጣዩ ወደ ተቃራኒው ይዞራል፤ ተጠፋፍተው ይቀራሉ። ከላንታነሙ 30 በመቶውን በስትሮንቲየም ስትተኩት ግን ኤሌክትሮኖች በኦክስጅኑ በኩል ከማንጋኒዝ ወደ ማንጋኒዝ መዝለል ይጀምራሉ። ዝላዩ የሚቀናቸው ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲዞሩ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ዱቄት እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ድረስ በማግኔት ይሳባል።

አሁን ስትሮንቲየሙን በካልሲየም ቀይሩት። ካልሲየም አነስ ስለሚል ሳጥኑ ይጣመማል፤ ኤሌክትሮኑ የሚሻገርበት መስመርም ይጎብጣል። ውጤቱ? ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ካልቀዘቀዘ ማግኔት አይሆንም። የማዕዘን ጉዳይ ነው፣ በቃ።

ሐሳቤ ሁለቱን ሠርቼ ጎን ለጎን ማሳየት ነበር። ዱቄቱን በሙቀጫ መፍጨት፣ ከ1000 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት ማቃጠል፣ አውጥቶ እንደገና መፍጨት። የስትሮንቲየሙን ጨርሼ የካልሲየሙን ልጀምር ስል፣ ጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ። መብራቱም፣ ኔትወርኩም፣ ባንኩም ተቋረጠ። በ2015፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ላብራቶሪውን ላየው ስሄድ ምድጃው የለም፤ የመዘንኩት ዱቄትም የለም።

የተረፈኝ ኪሴ ውስጥ ይዣት የወጣኋት ክኒን የምታክል ጥቁር ናሙና ብቻ ነች። ዛሬ በጥገና ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ትኖራለች። ከአሮጌ ስልክ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት ሳስጠጋላት ዘላ ትለጠፋለች። ለልጅቷም አሳየኋት።

«ሁለተኛዋስ የት አለች?» አለችኝ።

«ገና አልተሠራችም» አልኳት። ዘንድሮ ተመልሼ ተመዝግቤያለሁ። ቀን ጥገና፣ ማታ ትምህርት። መብራት እንዳይጠፋብኝ ብቻ ጸልዩልኝ።