ሞክሼን ማወቅ፦ የተጠቃሚ ስምን በኢንተርኔት ስለማጣራት

በስም የሚመሳሰሉ ሰዎች «ሞክሼ» ይባላሉ። ሞክሼነት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ከ12ቱ ሐዋርያት መካከል ሁለት ስምዖኖች፣ ሁለት ያዕቆቦችና ሁለት ይሁዳዎች ነበሩ። ወንጌላውያኑም አንዱን በአባቱ ስም፣ ሌላውን በቅጽል ስሙ እየለዩ ጽፈዋል። ወንጌላዊው ዮሐንስ በጸሎተ ሐሙስ ምሽት ጌታን የጠየቀውን ይሁዳ ሲያነሣ የአስቆሮቱ አለመሆኑን ለይቶ አስታውቋል። በዚህም አንባቢ ንጹሑን በሌላው በደል ከማማት ይጠበቃል።

ይህ ጥንቃቄ በእጅ ስልካችን ላይም ያስፈልገናል። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የሚገኙ ወጣቶቻችንና የሰበካ ጉባኤ አገልጋዮቻችን በቴሌግራምና በፌስቡክ መልእክት ይለዋወጣሉ፤ መዋጮም ያሰባስባሉ። በእነዚህ መገናኛዎች ሁለት ዓይነት ስም አለ። አንደኛው ለሁሉ የሚታየው ስም ነው፤ ይህን ማንም እንደ ወደደ ይጽፈዋል፣ ሺህ ሰውም ሊጋራው ይችላል። ሁለተኛው በተለምዶ ዩዘርኔም የሚባለው የተጠቃሚ ስም ነው፤ ይህ በአንድ መገናኛ ውስጥ ለአንድ አካውንት ብቻ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በቴሌግራም የእኛ የሆነው የተጠቃሚ ስም በቲክቶክ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። አንድ ቁጥር ወይም አንድ ፊደል ጨምሮ የእኛን የሚመስል ስም ማውጣትም ቀላል ነው።

በወለጋ ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው የአጻጻፉ መለያየት ነው። በቴሌግራም የተጠቃሚ ስም የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ጫልቱ የምትባል እኅታችን በእንግሊዝኛው ልማድ ስትጽፍ ስሟን በ«ሲ» እና በ«ኤች» ትጀምራለች፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት በተስፋፋው ቁቤ ግን በ«ሲ» ብቻ ጀምራ አናባቢዎቹን ትደግማለች። ነቀምቴም አንድ ጊዜ በ«ኬ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ኪው» ይጻፋል። በአማርኛም ቢሆን ሞክሼ ፊደላት ስላሉን ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም በልዩ ልዩ «ሀ» እና «ሰ» ተጽፎ ይገኛል። በዚህ ላይ የክርስትና ስም አለ። የሌቃ ነቀምቴ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ክርስትና ሲነሡ ገብረ እግዚአብሔር ተብለዋል፤ በአንዱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፈውን ሊያጣው ይችላል።

ስምን አለማጣራት የሚያስከትለውን ጉዳት እኛም አይተናል። በአንድ የእርዳታ ምዝገባ ላይ ስማቸውና የአባታቸው ስም ከሌላ ሰው ጋር የገጠመ አንድ አረጋዊ አባት «ቀድሞ ወስደዋል» ተብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ የአያት ስም አልጻፍንም ነበርና። ለዚሁ ችግር በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ሰውን በስሙ ብቻ ሳይሆን በጣት አሻራ፣ በዓይን ብሌንና በፊት ምስል ለይቶ ባለ12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል።

እንግዲህ ሁላችን የተጠቃሚ ስማችንን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተን በጎግል እንፈልግ። ቀጥሎም በየመገናኛው መፈለጊያ እያስገባን፣ አጻጻፉን እየለዋወጥን፣ የክርስትና ስማችንንም ጨምረን እንመልከት። ያገኘነው ሰው ስማችንን ብቻ የሚጋራ ከሆነ ሞክሼያችን ነውና በሰላም እንተወው። ፎቶግራፋችንንም ይዞ በእኛ ስም የሚናገር ከሆነ ግን አስመሳይ ነው፤ ለመገናኛው እናመልክት፣ ለወዳጆቻችንም በስልክ እናስታውቅ። በምናውቀው ሰው ስም የገንዘብ ጥያቄ ሲደርሰንም አስቀድሞ በምናውቀው ቁጥር ደውለን ድምፁን ሳንሰማ አንላክ። የተጠቃሚ ስም መመሳሰሉ ሰውየው ያው ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ካህናት በጸሎት የሚያነሡትን ወለተ ማርያም የሚለውን ስም የሚጋሩት ብዙ እናቶችና እኅቶች ናቸው፤ እግዚአብሔር ግን አንዷን ከሌላዋ አያምታታም። የምንሳሳተው እኛ ነንና ከመፍረዳችንም ሆነ ከማመናችን በፊት ማንነቱን እንጠይቅ።