የመስክ ጠያቂዎች ሥልጠና በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተካሄደው በ1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸው ጥናት በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተደግሟል። በመጀመሪያው ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዶ ተገኝቷል። ይህ አኃዝ በየእቅዱ መግቢያ ላይ ሲጠቀስ ይታያል። ነገር ግን የተገኘው አንዲት ጠያቂ ከአንዲት እናት ጋር ተቀምጣ ስንት እንደወለደችና ስንቱ እንደሞተባት በመጠየቋ መሆኑ እምብዛም አይታሰብም። ስለዚህም የአኃዙ እውነተኛነት በአብዛኛው የሚወሰነው በሥልጠናው ክፍል ውስጥ ነው።

በ2008ቱ ጥናት፣ ለ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተከልለው ከነበሩት 84,915 የቆጠራ ቦታዎች መካከል 645ቱ በዕጣ ተመረጡ፤ ከእነዚህም 202ቱ በከተማ፣ 443ቱ በገጠር የሚገኙ ነበሩ። በእያንዳንዱም ቦታ የቤተሰቦች ዝርዝር እንደ አዲስ ተመዝግቦ 28 ቤተሰቦች ተለዩ። ለምሳሌ ከነቀምቴ በስተደቡብ በምሥራቅ ወለጋ ዞን በምትገኘው በኑኑ ቁምባ ወረዳ ለአንድ የቆጠራ ቦታ ዕጣው ሊወጣ ይችላል፣ ላይወጣም ይችላል። ቢወጣም የቦታው ስም በሪፖርቱ አይገለጽም፤ ለተመራማሪዎች የሚሰጠው የቦታ መጋጠሚያም በከተማ እስከ 2፣ በገጠር በአብዛኛው እስከ 5 ኪሎ ሜትር ሆን ተብሎ ይዛባል። ይህም የሚደረገው መላሾች ምስጢራቸው እንዲጠበቅላቸው ነው።

ሰልጣኞች በመጀመሪያ ከሚቸገሩባቸው ነጥቦች አንዱ፣ የተመረጠ ቤተሰብ በሌላ የማይተካ መሆኑ ነው። በሩ ዝግ ሆኖ ሲገኝ ጎረቤቱን መጠየቅ ለደከመው ሰው ቀላል መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ በቀን እቤት የሚገኝና የማይገኝ ሰው ኑሮው አንድ አይደለምና፣ እንዲህ ያለው መተካት ናሙናውን ያጣምመዋል። ጠያቂው ማድረግ ያለበት በሌላ ሰዓት ደጋግሞ መመለስ ነው። ለመጠየቅ ብቁ ከነበሩት ሴቶች 95 በመቶ ያህሉ ሲገኙ ከወንዶች የተገኙት 86 በመቶ ብቻ መሆናቸው፣ በማሳና በገበያ የሚውለውን ወንድ ለማግኘት ምን ያህል ምልልስ እንደሚያሻ ያመለክታል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሥልጠና ክፍል ዕድሜን የማጣራቱ ጉዳይ ነው። መላሾች ዕድሜያቸውን በ0 ወይም በ5 በሚጨርስ ቁጥር መናገር ይቀናቸዋል፤ ያልሠለጠነ ጠያቂም እንደተነገረው ይመዘግበዋል። ለአዋቂዎች የየካቲት 1966ቱ አብዮት፣ የ1977ቱ ድርቅ፣ የግንቦት 1983ቱ የመንግሥት ለውጥ እንደ ማነጻጸሪያ ሊያገለግሉ ይችላሉ። ለሕፃን ግን ዓመቱ ብቻ አይበቃም፤ የተወለደበት ወር ያስፈልጋል። ስለዚህ በኑኑ ቁምባ የምትጠይቅ ሠራተኛ «ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቡና በሚለቀምበት ጊዜ ነው ወይስ ክረምቱ ሲገባ?» እያለች ማጥበብን መልመድ ይኖርባታል። የሁለት ዓመት ሕፃን ዕድሜ በጥቂት ወራት ከተሳሳተ፣ ቁመቱ ለዕድሜው የሚበቃ ወይም የማይበቃ መሆኑ አብሮ ይሳሳታል። በ2008 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ናቸው የተባለውም በዚሁ ስሌት ነው። (መረጃው የሚመዘገበው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ስለሆነ፣ ይህን ያላስተዋለ የውጭ አገር ተመራማሪ በፋይሉ ውስጥ 2008 የሚለውን ዓመት ሲያይ ጥናቱ ከተካሄደበት ጊዜ ስምንት ዓመት ያህል ቀድሞ የተደረገ ሊመስለው ይችላል።)

ሌላም ስውር ስሕተት አለ። ስለ ክትባት፣ ስለ ተቅማጥና ስለ አመጋገብ የሚቀርቡት ረጃጅም ጥያቄዎች የሚመለከቱት በቅርብ ዓመታት የተወለዱ ሕፃናትን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ሥራ የበዛበት ጠያቂ የአራት ዓመቱን ልጅ አምስት ወይም ስድስት ብሎ ከዝርዝሩ ሊያወጣው ይችላል። ይህ በብዙ አገሮች በተካሄዱ ተመሳሳይ ጥናቶች የታወቀ ችግር ነው። መፍትሔው ቁጣ ሳይሆን፣ ተቆጣጣሪው የየጠያቂውን የልጆች ዕድሜ ሥርጭት ቡድኑ ገና በመስክ ላይ እያለ በየጊዜው መመርመሩ ነው። በ2008ቱ ጥናት መልሱ በእጅ በሚያዝ ኮምፒዩተር ተሞልቶ በኢንተርኔት ወደ ማዕከል ይላክ ስለነበር ይህን ማድረግ ከቀድሞው የወረቀት መጠይቅ ይልቅ ቀሏል። ሆኖም መሣሪያው የሚያሳየው የተጻፈውን እንጂ ያልተጠየቀውን አይደለም።

ስለ ሞቱ ሕፃናት የሚቀርበው ጥያቄ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ብዙ እናቶች ተወልዶ ጥቂት ሰዓት ብቻ የቆየን ሕፃን ከልጆቻቸው ጋር አይቆጥሩትም። መጠይቁም ይህን በመገንዘብ፣ ያለቀሰ ወይም የሕይወት ምልክት ያሳየ፣ ነገር ግን ያልቆየ ልጅ ነበረ ወይ ሲል ለይቶ ይጠይቃል። ጥያቄው ከባድ በመሆኑ ሰልጣኞች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሊያልፉት ይቃጣቸዋል። መልመጃው ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከተቻለም በጤና ጣቢያ አጠገብ በእውነተኛ ቤቶች ቢደጋገም፣ ጠያቂዋ ሳትቸኩል መጠየቅን፣ ከመልሱም በኋላ ዝም ብሎ መታገሥን ትማራለች።

መጠይቁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ተዘጋጅቷል። ቢሆንም የወለጋ ኦሮምኛ ከሐረርጌው የሚለይባቸው ቃላት ስላሉ፣ የተጻፈው ቃል በአካባቢው እንዴት እንደሚሰማ አስቀድሞ መመርመር ያሻል፤ ያለዚያ እያንዳንዱ ጠያቂ የየራሱን ትርጉም በቦታው ይፈጥራል። ከአካባቢው የተመለመለ ጠያቂ ለዚህ ይመረጣል። ነገር ግን በገዛ ቀበሌው መመደብ የለበትም፤ እናት የቤቷን ጉዳይ ከማታውቀው ሰው ይልቅ ከጎረቤቷ ልትደብቅ ትችላለችና።

የመስክ ሥራው ከጥር 9 እስከ ሰኔ 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ዘልቋል። ወለጋ ዝናብ ቀደም ብሎ የሚገባበት አገር በመሆኑ፣ በዴዴሳ አቅጣጫ ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ማዳረስ፣ በመንገድ ዳር ያሉትን ከተሞች ደግሞ ለግንቦትና ለሰኔ ማቆየት ለእቅድ አውጪው የሚበጅ ቅደም ተከተል ነው።