የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ሲደገም
ክብደት ለመቀነስ ዛሬ በብዛት የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራ 75 እስከ 80 በመቶ ያህሉን ቆርጦ ያወጣል፤ የቀረው ጠባብ ቱቦ ሆኖ በቲታኒየም ስፌት ይዘጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያሰጋው ስፌቱ ማፍሰሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰውም የላይኛው ጫፍ፣ ከምግብ ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ነው። የሆድ ሕመሙ ገና ሳይጠና የልብ ምት በደቂቃ ከ120 ሊያልፍ ይችላል፤ ይህን ድካም ነው ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

ቆየት ብሎ የሚመጣው ደግሞ ቃር ነው። በጠባቡ ቱቦ ውስጥ ግፊት ስለሚጨምር አሲዱ ወደ ላይ ይገፋል። መድኃኒት ካላስታገሰው ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል፦ ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ተለይቶ ከቀጭኑ አንጀት ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ክብደት ስለተመለሰ ብቻ ግን ወደ ቀዶ ሕክምና አይሮጥም፤ አስቀድሞ ኢንዶስኮፒ፣ በባሪየም የሚነሳ ራጅና የአመጋገብ ሁኔታ ይታያሉ። ጠባሳ ባለበት ቦታ ስለሚሠራ ድጋሚው ከመጀመሪያው ይልቅ ለችግር የተጋለጠ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቫይታሚን ነው። ለሳምንታት ሲያስመልሰው የቆየ ሰው ቢ1 ያልቅበታል፤ መንገዳገድ፣ መደናገር ወይም የዓይን መንሸዋረር ከታየበት ቢ1 ወዲያው በደም ሥር ይሰጠዋል፣ ግሉኮስ ከመጀመሩ በፊት።