ለሰፈራችን ውሾች መርዝ ሳይሆን ክትባት

ሰሞኑን እዚህ ለቡ መብራት ኃይል «ውሾቹ በዝተዋል፣ አንድ ነገር ይደረግ» የሚለው ወሬ እንደገና ተነስቷል። እውነት ነው፣ በዝተዋል። አምሽቶ ከታክሲ የሚወርድም ሆነ ማልዶ ለሥራ የሚወጣ ሰው ድንጋይ ጨብጦ ነው የሚሄደው። ቅሬታው ተገቢ ነው። «መርዝ ይጣልላቸው» የሚለው ግን ጭካኔነቱን እንኳ ብንተወው የማያዋጣ መፍትሔ ነው።

ውሻ የሚበዛው የሚበላ ስላገኘ ነው። የቆሻሻ ገንዳው ሞልቶ እየፈሰሰ እስካለ ድረስ የሞቱትን ቦታ ከጀሞ ይምጣ ከሃይሌ ጋርመንት ሌላ ውሻ ይይዘዋል። አዲሱን ማንም አያውቀውም፣ እሱም ልጆቻችንን አያውቅም፣ ተከትቦ ይሁን አይሁን የሚነግረን የለም። ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ በከተማችን ለዓመታት ተሞክሯል። የበላ ውሻ እንዴት እየተንዘፈዘፈ እንደሚሞት ያየ ያውቀዋል። ውጤቱ ግን ይኸው፦ ውሾቹም አሉ፣ የእብድ ውሻ በሽታም አለ።

የሚያዋጣው ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፊያ ይቆረጣል። ሜክሲኮ ውሾቿን ለዓመታት በዘመቻ ስታስከትብ ቆይታ፣ ከውሻ በሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ሰው መሞት ማቆሙን ድርጅቱ ያረጋገጠላት የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019። የተከተበ የሰፈር ውሻ አጥር ነው፤ እንግዳ ውሻ ዝም ብሎ አያስገባም።

የዚህ በሽታ ክፋቱ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የሌለው መሆኑ ነው። ዕድሜያችሁ ገፋ ያላችሁ ፓስተር ኢንስቲትዩት እየተመላለሳችሁ ሆዳችሁ ላይ የተወጋችሁትን የእብድ ውሻ ክትባት አትረሱትም፤ ያኔ ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር። ልጅ በውሻ ከተነከሰ መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ለክትባት በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ጸበሉም የባህል መድኃኒቱም ከክትባቱ በኋላ ይደርሳል።

ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ሌላ ነገር አለ። በዓል ሲመጣ በጉ ይታረዳል፣ ሆዱ ሲከፈት አንዳንዴ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል። «ይሄስ አይበላም» ይባልና ለውሻ ይወረወራል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል እጭ ነው። ትሉ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ልጆች የሚጫወቱበት አፈር ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በእጅ አድርጎ አፍ ይገባል። ያው ከረጢት ሰው ጉበት ላይ ሲያድግ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በኦፕሬሽን ነው። ለውሻው አዝነን የሰጠነው ቁራሽ ለእኛው ልጅ ይተርፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ይቀበር ወይም ይቃጠል። አጥንትና ፍርፋሪ ስጡ፣ ማንም አይከለክላችሁም።

«የእንስሳት መብት የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ለምትሉ ደግሞ፦ በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በዚያው ዓመት ሥራውን ያቆመው የአካባቢው ነዋሪ ስለተቃወመ ነው። ጀርባዋ ተልጦ፣ ሸክም በዝቶባት የምትነዳ አህያ ስታዩም ባለቤቷን ማናገር ነውር የለውም። ከስድብ ይልቅ «ጀርባዋ ላይ ወፈር ያለ ነገር ጣል አድርግላት፣ ገመዱ እየቆረጣት ነው» ማለት ይሻላል፤ አህያዋ እንጀራው ስለሆነች ይሰማችኋል።

አሁን ወደ ሥራው። ቤታችሁ ውሻ ያላችሁ ዘመቻ አትጠብቁ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ወስዳችሁ አስከትቡ፤ አቅሙ ካላችሁ ሴቶቹን አስመክኑ። ባለቤት ለሌላቸው የወረዳችንን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተሰባስበን ሄደን እንጠይቅ፣ ካልተሳካ አዋጥተን የእንስሳት ሐኪም እናምጣ። ከገንዘቡ በላይ የሚቸግረው ውሾቹን የሚይዝ ሰው ነው። እነሱን በስም የሚጠሩት ጥበቃዎቻችን ናቸው፣ ሌሊቱን አብረዋቸው ያድራሉ፤ ያለ ጥበቃዎቹ ይህ ሥራ አይሞከርም። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ የግቢያችሁን ጥበቃ አነጋግሩና ስንት ውሻ እንዳለ፣ የትኞቹ በእጅ እንደሚያዙ ጻፉልኝ።